በየትኛው ገጽ ነው እኔ የምጠየቀው?

ማክሰኞ ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ቢሮ ስደርስ፣ በራችን ላይ ሁለት ሰርግ፣ አንድ ክርስትና እና አንድ የደም እርቅ ተሰልፈው ነበር። ሰርገኞቹ እንደ ወትሮው ይጨቃጨቃሉ። አንደኛዋ ሙሽራ በቅጽ አሥራ ሁለት ላግባ ስትል፣ የልጁ ወገኖች በቅጽ ዘጠኝ ካልሆነ ብለው ድርቅ ብለዋል። በቅጽ ዘጠኝ ሙሽራ ሦስት ቀን አትናገርም። «ሦስት ቀን ዝም ካልኩማ ምኑን አገባሁት!» ትላለች ልጅቷ። እናቷ ክንዷን ቆንጠጥ አድርጋ «ዝም በይ፣ ገምጋሚ ይሰማሻል» አለቻት። እኔ ቁልፌን አውጥቼ በሩን ከፈትኩ።

ስሜ ረድኤት ይመር ይባላል። ደሴ ከተማ፣ «ዘልማድ» በሚባል የባህል ጥናት መጽሔት ውስጥ ሠላሳ ስምንት ዓመት በአርታዒነት ሠርቻለሁ። ስቀጠር የሃያ ሦስት ዓመት ልጅ ነበርኩ። ያን ጊዜ መጽሔታችንን የሚያነቡት የጻፉበት ሰዎች ብቻ ነበሩ፤ እነሱም ቢሆኑ የራሳቸውን ገጽ ነው የሚያነቡት። አምስት መቶ ቅጂ እናሳትማለን፣ አራት መቶው መጋዘን ይገባል፣ አይጥ ይበላዋል። ደግ ዘመን ነበር።

ነገሩ የተገለበጠው በሁለት ሺህ ሃምሳዎቹ መጨረሻ ነው። ሰው ሁሉ ሰርጉንም ለቅሶውንም ስልኩን እየጠየቀ ማድረግ ጀመረ። ስልክ ደግሞ አላውቅም አይልም፤ ለአንዱ ጎረቤት አንድ ባህል፣ ለሌላው ሌላ ባህል ይነግረዋል። በአንድ መንደር አምስት ዓይነት ለቅሶ ሆነ። አንዱ ደረቱን ሲደቃ ሌላው ያጨበጭባል፤ አስከሬን መሐል ሜዳ ቀርቶ ሰው ተደባደበ። በመጨረሻ «ተገምግሞ የታተመ ባህል ብቻ ይጽና» ተባለ። ባለሥልጣኖቹ ዞር ዞር ብለው ቢያዩ፣ በአካባቢው ተገምግሞ የታተመ ነገር ያለው እኛ መጋዘን ውስጥ ብቻ ነው። አይጥ ያልበላውን ሰብስበን አወጣን።

ከዚያ ወዲህ ሽማግሌ ለእርቅ ሲወጣ ከዘራና የመጽሔታችንን ቅጽ ይዞ ነው የሚወጣው። በየሰርጉ የግርጌ ማስታወሻ አንባቢ አለ። ድንኳኑ ጥግ ቆሞ፣ ሚዜዎቹ ሲጨፍሩ «ማስታወሻ አራት፦ በአንዳንድ ቀበሌዎች እዚህ ላይ እስክስታ አይመታም» ይላል። ጭፈራው ቀጥ ይላል። ሰው እርስ በርሱ ይተያይና የትኛው ቀበሌ እንደሆነ ያስባል፤ ከዚያ ይቀጥላል። እናቶች ልጅ ሲያስቸግራቸው «ሁለተኛው ገምጋሚ ይምጣብህ!» ይላሉ። ልጆቹ እውነት ይፈራሉ። እኔም እፈራለሁ። ሁለተኛው ገምጋሚ ማን እንደሆነ፣ ሰው ይሁን ሌላ፣ አንድ ይሁን ብዙ፣ በዚህ ሁሉ ዓመት የነገረኝ የለም።

እናቴን የቀበርኩት በቅጽ ሃያ ነው። ገጽ ስልሳ አንድ ላይ «ሴት ልጅ ሦስት ጊዜ ትወድቃለች» ይላል፤ ሦስት ጊዜ ወደቅሁ። አራተኛው መጣብኝ፣ ያዝኩት። ያን ገጽ ያረምኩት እኔው ነኝ።

ያን ማክሰኞ እንግዲህ ሰርጎቹን በየቅጻቸው ሸኘሁ፣ ክርስትናውን ወደ ሐሙስ ቀጠርኩ። ከሰልፉ መጨረሻ የቀሩት የደም እርቁ ናቸው፤ አንዲት ሰባ ዓመት ያለፋቸው ሴት፣ ብቻቸውን፣ ቅጽ አሥራ አራትን በነጠላቸው ጠቅልለው ይዘው። ፈቲያ አደም እባላለሁ፣ ከወይራ አፋፍ ነው የመጣሁት አሉኝ። ወንበር ሳብኩላቸው፤ አልተቀመጡም።

«ለእሁድ ቀጥረውኛል» አሉ። «ከገጽ ሠላሳ ሦስት እስከ ሃምሳ ሁለት ሁለቴ አነበብኩት። ድንጋይ ተሸካሚው አለ። ሽማግሌዎቹ አሉ። የሁለቱ ቤት ውኃ በአንድ ገንቦ ሲቀላቀል አለ። የሟች እናት ቁርበት ላይ ትቀመጣለች ይላል፤ ቀጥሎ እጇን ትታጠባለች፣ ደሙ ደረቀ ይላል። በየትኛው ገጽ ነው እኔ የምጠየቀው?»

«ምን ተብለው ነው የሚጠየቁት?»

«ምን ትላለች ይቺ! ልጄን የገደለውን ተቀበልሽ ወይ ተብዬ ነዋ!»

ልጃቸው አንዋር የሞተው ከአራት ዓመት በፊት ነው። የገደለው ባሮክ የሚባል ጎረቤታቸው ነው፤ ቤታቸው በአንድ ግድግዳ ነው የሚለየው። በወሰን አጥር ተጣልተው ገፈተረው፣ አንዋር ድንጋይ ላይ ወደቀ፣ አልተነሳም። ባሮክ እስሩን ጨርሶ ወጥቷል። አሁን ከወንዙ ማዶ በሽማግሌዎቹ ጎጆ ተቀምጦ ይጠብቃል፤ እርቁ ካልተፈጸመ ቤቱ መግባት አይችልም። እሁድ እርቁ ተፈጽሞ ከተመዘገበ ግን፣ ሰኞ ጠዋት ከእሳቸው ግድግዳ ወዲያ እያሳለ ይነሳል ማለት ነው።

«ይምጣ፣ አይምጣ አላልኩም» አሉ እማማ ፈቲያ። «ምን እንደምል እኔም አላውቀው። ብቻ ሳልጠየቅ ተቀበለች መባሌ ነው እንደ እሾህ የያዘኝ። አክስቴ ልጇ የሞተባት ጊዜ ስትጠየቅ አይቻለሁ። አምስት ዓመት ቢሆነኝ ነው። ወይ ሰው ነግሮኝ ይሆናል፤ እንጃ። እሷ ወዲያው ተቀበለች፣ ያኔ እልል ተባለ። ይኼን ነው የማስታውሰው።»

ለሁሉም ሰው የምለውን አልኳቸው፦ በጽሑፉ የሌለ ነገር የሥርዓቱ አካል አይደለም፤ ከተጨመረ እርቁ ተዛብቷል ተብሎ ይሰረዛል። ቃሉ ከአፌ እንደወጣ አፈርኩ። እሳቸውም ገባቸው መሰለኝ፣ ፊቴን አዩና «የጻፈው ሰው ቢኖር እጠይቀው ነበር» ብለው ወጡ።

የጻፈው ሰው የለም። የቆረጠችው ግን አለች።

በሁለት ሺህ ሃምሳ አንድ ዓ.ም. ነው። የቅጽ አሥራ አራትን የእርቅ ጽሑፍ ያዘጋጁት ዶክተር ምንያህል አሊጋዝ ለሌላ ጥናት ስልክ ወደማይሠራበት ቆላ ወርደዋል። ማተሚያ ቤቱ ነገ አስገቡ ብሏል። የያኔው ዋና አርታዒ ከስምንት ሺህ ቃል አንድ ካለፈ አያትምም፤ የግርጌ ማስታወሻውም ይቆጠራል። ጽሑፉ ስምንት ሺህ አንድ መቶ አሥር ሆነ። «መቶ አሥር ቃል አራግፊ» ብሎኝ ወደ ምሳው ሄደ። እኔ አዲስ ነኝ፣ መመስገን እፈልጋለሁ። ስፈልግ ስፈልግ አሥራ ሰባተኛዋን የግርጌ ማስታወሻ አገኘሁ። ብቆጥራት ልክ መቶ አሥር ቃል። ፈጣሪ የላከልኝ መሰለኝ! «ውኃው ከተቀላቀለ በኋላ፣ እጅ ከመታጠቡ በፊት፣ የሟች እናት ‹ተቀበልሽ ወይ?› ተብላ ሦስት ጊዜ ትጠየቃለች» ብላ ነው የምትጀምረው። ዶክተር ምንያህል ጠንቃቃ ሰው ነበሩ፤ አንድ ጊዜ ብቻ ያዩትን ነገር ዋናው ጽሑፍ ውስጥ አያስገቡም፣ ግርጌ ላይ ነው የሚያኖሩት። እኔ ደግሞ ግርጌ ላይ ያለ ነገር ትርፍ ነው ብዬ አሰብኩ። ቆረጥኳት፣ አሥራ ስምንተኛዋን አሥራ ሰባት ብዬ ቁጥሩን አስተካከልኩ። ተመሰገንኩ።

ዶክተሩ ከወር በኋላ ተመልሰው መጽሔቱን አገላበጡና «አሥራ ሰባተኛዋ የት ሄደች?» አሉኝ። በሚቀጥለው ቁጥር በማረሚያ እናወጣታለን አልኳቸው። የሚቀጥለው ቁጥር ሳይወጣ አረፉ። ደብተሮቻቸውን ቤታቸው የገባ ጎርፍ ወሰዳቸው። እኔም ማን ያነበዋል ብዬ ተውኩት። ኋላ ሁሉም ሰው ማንበብ ሲጀምር ደግሞ ፈራሁ። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባላል፤ እኔ ወግቼም አልረሳሁም ነበር። ግን የማልረሳው ነገር ራሱ እየተምታታብኝ መጥቷል። ሦስት ጊዜ ትጠየቃለች ነው ያለው፣ ሦስት ቀን? ሽማግሌው ነው የሚጠይቃት፣ ገዳዩ? አንዳንድ ቀን ማስታወሻዋ ጭራሽ ያልነበረች፣ እኔ ያለምኳት ይመስለኛል።

ያን ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ማረሚያ ጽፌ አስገባሁ። እንደ ደንቡ የጸሐፊ ስም ተነሥቶ ለሁለት ገምጋሚዎች ተላከ።

ሐሙስ ጠዋት ጠረጴዛዬ ላይ የሚገመገም ጽሑፍ መጣ። ከፈትኩት። የራሴ ማረሚያ ነው።

ይዤው ወደ ዋና አርታዒያችን ወደ ፕሮፌሰር ኪሩቤል ክፍል ሮጥኩ። ኪሩቤልን ተማሪ ሳለ ጀምሬ አውቀዋለሁ፤ የመጀመሪያ ጽሑፉ ላይ ነጠላ ሰረዝ ያስገባሁለት እኔ ነኝ። ዛሬም ሲጨንቀው እርሳስ ያኝካል።

«ኪሩ፣ ይኼ ለእኔ የመጣው በስህተት ነው።»

«በስህተት አይደለም እትዬ ረድኤት። ስለዚያ ጽሑፍ ከአንቺ የበለጠ የሚያውቅ በሕይወት ያለ ሰው የለም።»

«የጻፍኩት እኔ ነኝ እኮ!»

እርሳሱን ከአፉ አወጣ። በሩን ተነስቶ ዘጋና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ማን እንደጻፈው አታውቂም። እንድታውቂ አይፈቀድልሽም። አውቃለሁ ካልሽ ምስጢር አወጣሽ ማለት ነው፣ ማረሚያውም ይሰረዛል።»

«ታዲያ ምን ላድርግ?»

«በቅንነት ገምግሚያት።»

ገመገምኳት። ምን ልበላችሁ፣ ከባድ ሥራ ነው። ሁለት ጊዜ አነበብኳትና አላሳመነችኝም። ጸሐፊዋ ምንጭ የላትም፣ ትዝታዋ ይዋዥቃል፣ ለምን ሠላሳ ስምንት ዓመት ዝም እንዳለች አትገልጽም። ይኼን ሁሉ ጻፍኩና መጨረሻ ላይ «ይታተም» አልኩ። የማላውቃት ሴት ጥፋት ላይ የፈረድኩ መሰለኝ፤ ደግሞ ምሬያት ነበር፣ ደግሞ ማን ሥልጣን ሰጠኝ?

ቅዳሜ ዘጠኝ ሰዓት ላይ የሁለተኛው ገምጋሚ መልስ መጣ። አጭር ናት። ጽሑፉ ከታተመ ጀምሮ ሦስት ሺህ ዘጠኝ መቶ ስድስት እርቆች ያለ ጥያቄ ተፈጽመው ተመዝግበዋል፤ ስለዚህ ጥያቄው የባህሉ አካል አለመሆኑ በተግባር ተረጋግጧል ትላለች። ማረሚያው አይታተምም። በመጨረሻም ጸሐፊው ባህሉን በቅጡ የሚያውቅ ሰው ቢያማክር መልካም ነው፣ ለምሳሌ የመጽሔቱን አንጋፋ አርታዒ ረድኤት ይመርን።

ሳቅሁ። ብቻዬን ቢሮ ውስጥ እንደ እብድ ሳቅሁ፤ ከዚያ አለቀስኩ።

ኪሩቤል መልሱን አንብቦ ትከሻዬን ዳበስ አደረገኝ። «ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ ነው እትዬ። ሥሩ ከሌለ ምን እናድርግ?» አለ። ያ ተረት በቅጽ ሦስት ታትሟል፣ ከነማብራሪያው። «ደግሞ ነገ ወይራ አፋፍ ታዛቢ ሆነሽ የምትሄጂው አንቺ ነሽ። እንደተጻፈው ይፈጸምና ተመለሽ። ጡረታ ለመውጣት ሦስት ወር ቀርቶሽ አታበላሺው።»

ወይራ አፋፍ እሁድ ጠዋት ሦስት ሰዓት ደረስኩ። ወንዙ ዳር ባለው ሜዳ ላይ ሰው በሁለት ወገን ተቀምጧል። መዝጋቢው መሣሪያ በሦስት እግሩ መሐል ላይ ተተክሏል። ቁርበቱ ተነጥፏል። እማማ ፈቲያ ተቀምጠውበታል፤ ሲያዩኝ ሰላምታም አልሰጡኝ። የታዛቢ ፎርሜን አወጣሁ። ሁለት ሳጥን ብቻ ነው ያለው፦ «እንደተጻፈው ተፈጽሟል»፣ «ተዛብቷል»።

እርቁን የሚመሩት አባባ ያፌት ናቸው፤ ሰማንያ ሊሞላቸው ነው፣ መነጽራቸውን በክር አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው ቅጽ አሥራ አራትን ገልጠው ይዘዋል። ባሮክን ያኔ ነው ያየሁት። ሠላሳ አምስት ቢሆነው ነው፣ ጸጉሩ ግን ሸብቷል። ትልቅ ድንጋይ ማጅራቱ ላይ ተሸክሞ ወንዙን ተሻገረ። ጽሑፉ «የሚከብድ ድንጋይ» ነው የሚለው፤ ልኩን አይናገርም፣ ስለዚህ ሰው እየፈራ ትልቁን ይመርጣል። እጅ እስኪታጠብ ድረስ አይወርድም።

አባባ ያፌት አንድ ገጽ ያነባሉ፣ ሰዉ የተነበበውን ያደርጋል፣ እኔ ምልክት አደርጋለሁ። ሁለት ሴቶች ከሁለቱ ቤት ውኃ አመጡ። በገንቦው ውስጥ ተቀላቀለ። ሽማግሌዎቹ መረቁ፤ አሜን ተባለ። መዝጋቢው «ቀጣይ፣ እጅ መታጠብ» አለ።

አንዲት ልጅ ውኃውን በማሰሮ ይዛ ወደ እማማ ፈቲያ ቀረበች። እሳቸው እጃቸውን ነጠላቸው ውስጥ ደብቀው እኔን ያዩኛል። አይለምኑም፣ አይቆጡም፤ ያያሉ ብቻ። ከጎናቸው ያለች ሴት በደግነት ክንዳቸውን ይዛ እጃቸውን ልታወጣላቸው ሞከረች። ያን ጊዜ ነው ያቃተኝ።

«እማማ ፈቲያ፣» አልኩ። «ተቀበሉ ወይ?»

መዝጋቢው «በጽሑፉ የለም» አለ።

ሜዳው ላይ ጉርምርምታ ተነሣ። ከባሮክ ወገን አንዱ «ምን ነው ያለቻቸው?» ሲል ሰማሁ። ሌላው «ጠየቀቻቸው» አለው። «ማንን?» «እሳቸውን!» «ምን ብላ?» እማማ ፈቲያ እጃቸውን ከነጠላው አላወጡም።

«ተቀበሉ ወይ?»

«በጽሑፉ የለም።»

አባባ ያፌት መነጽራቸውን አደረጉ፣ ገጹን አገላበጡ፣ መነጽራቸውን አወለቁ። እማማ ፈቲያ ፊታቸውን ወደ ባሮክ አዞሩ። አራት ዓመት ሙሉ አላዩትም ነበር መሰለኝ፤ ከእግሩ ጀምረው ቀስ ብለው ወደ ላይ አዩት።

«እማማ፣ ተቀበሉ ወይ?» ሦስተኛዬ ነው።

«አልተቀበልኩም» አሉ።

አልጮኹም። ልጅቷ ማሰሮውን እንደያዘች ቀረች። መዝጋቢው እንኳ «በጽሑፉ የለም» አላለም። አባባ ያፌት ቅጹን ወደ ፊት ገለጡ፣ ወደ ኋላ ገለጡ፤ ጣታቸውን አርሰው እንደገና ወደ ፊት ገለጡ። «አልተቀበልኩም» የሚል ገጽ የለም። ሦስት ሺህ ዘጠኝ መቶ ስድስት እርቅ ላይ ተብሎ አያውቅማ!

«ልጄ ረድኤት፣» አሉኝ፣ «አልተቀበልኩም ካለች፣ ቀጥሎ ምንድን ነው የሚደረገው?»

ልመልስ አፌን ከፈትኩ። የመጀመሪያዋን አረፍተ ነገር አውቃታለሁ፤ ስንት ዓመት በልቤ ስላት ኖሬያለሁ። ሦስት ጊዜ ትጠየቃለች። ከዚያ «ከተቀበለች» የሚል ነበር። ከዚያ «ካልተቀበለች ግን» የሚል ነበር፤ እምላለሁ ነበር! ከዚያ ወዲያ ባዶ ነው። ዓይኔን ጨፈንኩ፣ ገጹን አየሁት፣ ቀይ እርሳሴን አየሁት፣ ጽሑፉን ግን አላየሁትም።

«ተጽፎ ነበር አባባ» አልኩ። «እኔ ነኝ የቆረጥኩት። የቀረውን አላስታውሰውም።»

«ለምን ቆረጥሽው?»

«ቦታ አልበቃ ብሎ።»

ትንሽ ጠበቁ፤ ሌላ ምክንያት የምጨምር መስሏቸው። «ምን ያህል ቢሆን ነው?» አሉ።

«መቶ አሥር ቃል።»

አባባ ያፌት ቅጹን ዘጉና ሣሩ ላይ ተቀመጡ። «ሠላሳ አንድ ዓመት እርቅ መርቻለሁ» አሉ ለራሳቸው። «የስንቷን እጅ ነው ያስታጠብኩት?» አንዱ ሽማግሌ ሊያጽናናቸው ጎንበስ አለ፤ ምን እንደሚል ግራ ገብቶት ተመልሶ ቀና አለ። እኔ የምገባበት ጠፋኝ። ስድብ ብጠብቅም የሰደበኝ የለም፤ ሰው ሁሉ እርስ በርሱ ነው የሚተያየው፣ ተነስቶ ይሂድ ይሆን፣ ይብላ ይሆን፣ ያልቅስ ይሆን የሚያውቅ የለም።

በዚህ መሐል ከኋላ የታፈነ ድምፅ መጣ። ባሮክ ነው። ረስተነው ነበር። «አባባ፣ ድንጋዩን ላውርደው?»

አባባ ያፌት ወደ እኔ አዩ። ሽማግሌዎቹ በሙሉ ወደ እኔ አዩ። የታዛቢ መልስ ምላሴ ላይ ነው፤ ሥርዓቱ አላለቀም፣ አይወርድም። ዋጥኩት።

«እሳቸውን ጠይቃቸው» አልኩት።

ባሮክ ዞረ። ከድንጋዩ ሥር አንገቱን አጣሞ ነው የሚያያቸው። ከንፈሩ ደርቋል። «እማማ ፈቲያ» አለና ቆመ፤ ስማቸውን መጥራቱ ራሱ ትንፋሹን ጨረሰው። «እማማ፣ ላውርደው?»

«አውርደው» አሉት። «አንገትህ ቢሰበር ደግሞ በእኔ ይመካኛል።»

ድንጋዩ ሲወድቅ መሬቱ ድም አለ። ባሮክ ጉልበቱን ይዞ አጎንብሶ ቀረ። እሳቸው ነጠላቸውን እያስተካከሉ ተነሡ። «አልተቀበልኩም ግን፤ ስማኝ» አሉት። «ነገ ጠዋት መጥተህ ጠይቀኝ። ሽማግሌ እንዳትልክብኝ። አንተው ና።»

ማስታወሻዋ ይኼን ነበር የምትለው? እንጃ። ሊሆን ይችላል። እማማ ፈቲያም ከየት እንዳመጡት አላውቅም። ብቻ ፎርሜን ይዤ ተከተልኳቸው። ሁለት ሳጥን፤ የትኛውም ልክ አይደለም። ሠላሳ ስምንት ዓመት ስጽፍ፣ ስቆርጥ፣ ሳስተካክል፣ አንድ ቀንም ከአፌ ያልወጣውን ቃል ያን ቀን አወጣሁት፦ «እማማ፣ ምን ብዬ ልጻፍ?»

«እንዳልኩት ነዋ! ‹ዛሬ አልተቀበለችም› በይ። ‹ዛሬ› የምትለዋን እንዳትረሺ።»

ከሳጥኖቹ በታች፣ በባዶው ጠርዝ ላይ፣ በእጄ ጻፍኩት። መዝጋቢው «ያልታወቀ ሥርዓት» ብሎ ተዘጋ።

ሰኞ ቁልፌን ተቀበሉኝ። ኪሩቤል ዓይኔን ማየት አቅቶት እርሳሱን ሲያኝክ ቆየና፣ እስከ በር ሸኝቶኝ «ማረሚያውን እንደገና አስገቢው» አለኝ በሹክሹክታ። «አሁን ምንጭ አለሽ። ጥያቄው ሲጠየቅ አንድ ጊዜ ታይቷል።» የጠየቅሁት እኔ ራሴ አይደለሁም ወይ አልኩት። ትከሻውን ሰበቀ። አስገብቻለሁ፤ ገና በግምገማ ላይ ነው። ለማን እንደተላከ አላውቅም።

ወሬው ከእኔ ቀድሞ ሄዷል። በየቀኑ ጠዋት የግቢዬ በር ይንኳኳል። ሴቶች ናቸው፤ አንዳንዶቹ በሰው ተደግፈው ይመጣሉ። የመጀመሪያዋ «ልጄ ከሞተ ሃያ ሁለት ዓመቱ ነው፤ እጄን አስታጠቡኝ፣ አልተጠየቅሁም» አለች። ምን ላድርግልዎ ብላት፣ «ጠይቂኛ!» አለችኝ። ጠየቅኋት። ብዙ አሰበችና «አላውቅም» ብላ ሄደች። ሌላዋ ተቀበልኩ አለች። ሌላዋ ተቀበልኩ ብላ ከበር ተመለሰችና አልተቀበልኩም አለች። ሁሉንም እንዳሉት እጽፋለሁ። የቃል ገደብ የለኝም።

ወይራ አፋፍ ትናንት ሄጄ ነበር። ባሮክ አሁንም ከወንዙ ማዶ ነው የሚያድረው፤ አባባ ያፌት ነግረውኛል፣ በየማለዳው ይሻገራል፣ ደጃቸው ላይ ቆሞ ይጠይቃል፣ እማማ ፈቲያ «አልተቀበልኩም» ይሉታል፣ ይመለሳል። የትናንቱ አሥራ ዘጠነኛው ነው። ወንዙ ሞልቶ ኖሮ አርፍዶ ደረሰ፤ ሱሪው እስከ ጉልበቱ ርሶ። እማማ ፈቲያ ደጃፋቸው ላይ ወገባቸውን ይዘው ቆመው ጠበቁት።

«ሰዓት አታውቅም እንዴ አንተ?» ብለው ጮኹበት። «ሰው ይጠብቀኛል አትልም?»